መቀመጥ ያቃተው ሾፌር

ይታገሱ ዕድሜውን የኖረው ተቀምጦ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከወልቂጤ ጉንችሬ፣ ከጉንችሬ ወልቂጤ፣ አንዳንዴም እስከ አዲስ አበባ ሚኒባስ ሲነዳ ነው የጎለመሰው። ሚስቱ ማስተዋል «አልጋ ላይ ከተኛህበት ጊዜ መሪ ይዘህ የተቀመጥክበት ይበልጣል» እያለች ትቀልድበት ነበር። ያ ሰው ነው እንግዲህ አንድ የገበያ ቀን ጉንችሬ ላይ የበርበሬ ጆንያ ከመኪናው ጣሪያ ጋር ሲያስር፣ የሳበው ገመድ ተበጥሶበት በጀርባው ድንጋይ ላይ የወደቀው።

ሲደርሱለት ራሱን ያውቅ ነበር። «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ፤ ቆይ አንዴ ልቀመጥ» አላቸው። ሊቀመጥ ሲሞክር የጮኸው ጩኸት ግን ገበያውን ጸጥ አሰኘው።

ከዚያ ወዲያ መቀመጥ የሚባል ነገር አበቃለት። መተኛት ይችላል፤ ሁለት ሰው ከደገፈው ጥቂት መቆምም ይችላል። ወገቡ ሲታጠፍ ግን ከጀርባው ተነስቶ በግራ እግሩ እስከ ጣቶቹ ድረስ የሚወርድ እሳት አለ። «የጋለ ሽቦ በአጥንቴ ውስጥ የሚጎትቱ ይመስለኛል» ይል ነበር። ከሆስፒታል ሆስፒታል ተንከራተቱ። በመጨረሻ አዲስ አበባ ላይ አንድ ሐኪም የራጁን ፊልም ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ አየና የተሰበረው አጥንት ነርቩን እንደተጫነው፣ ቀዶ ጥገናው ሕንድ አገር ቢሆን እንደሚሻል ነገራቸው። ከዘገየ ደግሞ ግራ እግሩ እስከ ወዲያኛው ሽባ ሆኖ ይቀራል።

ዘመድ ተረባረበ። የሠፈሩ እድር፣ መርካቶ ያሉት የአጎቱ ልጆች፣ የመናኸሪያው ሾፌሮች፣ ማንም እጁን አላጠፈም። ቪዛው መጣ፤ የሕንዱ ሐኪም ቀጠሮ ሰጠ። ሰው ሁሉ «እንግዲህ ቀለለ» ሲል፣ ነገሩ የከበደው ገና ያኔ ነው።

ማስተዋል ቲኬት ልትቆርጥ አዲስ አበባ ሄዳ የባሏን ሁኔታ ስታስረዳ፣ ከመስታወቱ ወዲያ ያለችው ሠራተኛ እጇን ከኮምፒዩተሩ ላይ አነሳች።

«መቀመጥ ይችላል እህቴ?»

«መተኛት ነው የሚችለው።»

«ተኝቶ ለሚሄድ ሰው ቃሬዛ ይዘረጋለታል። ቃሬዛው ግን የብዙ ሰው ወንበር ስለሚይዝ የዚያን ሁሉ ዋጋ መክፈል ይኖርባችኋል።» የማስተዋልን ፊት ስታይ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ቢያንስ ሲነሳና ሲያርፍ ቀጥ ብሎ መቀመጥ ከቻለ ግን በተራ ወንበር ይሄዳል። ሐኪሙ ይጻፍላችሁ፤ ኤርፖርት ላይም ያዩታል።»

ማስተዋል እስከ ወልቂጤ ድረስ በመስኮት ስታይ መጣች፤ ያየችው ነገር ግን አልነበረም። መቀመጥ! ጥርስ ያላወጣ ሕፃን የሚችለው ነገር እንዴት እንዲህ ያለ ተራራ ይሆናል?

የሆነውን ለተረፈ አጫወተችው። ተረፈ መናኸሪያው አጠገብ ጋራዥ ያለው መካኒክና የይታገሱ የልብ ጓደኛ ነው። ብዙ የሚናገር ሰው አይደለም። በማግሥቱ ከተገለበጠ ሚኒባስ ላይ የፈታውን የጋቢና ወንበር በጋሪ ጭኖ መጣና ጓሯቸው ውስጥ በወፍራም ሳንቃ ላይ በብሎን አሰረው።

«የአውሮፕላኑም ያው ወንበር ነው» አለ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «እዚህ ከለመደ እዚያ አያቅተውም።»

ልምምዱ ተጀመረ። ተረፈ በብብቱ፣ ማስተዋል በጉልበቱ ይዘው ቀስ ብለው ያስቀምጡታል፤ ገና ወንበሩን ሲነካ ፊቱ አመድ ይመስላል፣ ላብ ያጠምቀዋል፤ «አንሱኝ! አንሱኝ!» ይላል። ስፖንጅ አነጠፉለት፤ ሰመጠና ባሰበት። የይታገሱ እናት እማማ ወርቅውሃ ከቸሃ በእንሰት ቃጫ የተሞላ ትራስ ሰፍተው ይዘው መጡ፤ እሱ ደግሞ ጠጠረው። አንድ ቀን ትራሱን አጥፈው በቀኝ ዳሌው ሥር ብቻ ሲያደርጉለት፣ ጋቢ ጠቅልለው ከወገቡ ጀርባ ሲሸጉጡ፣ ግራ እግሩንም በርጩማ ላይ ሲዘረጉለት፣ ትንፋሹ ለአፍታ መለስ አለ።

«እስቲ እንዲህ ተዉኝ» አለ። ማስተዋል ከደስታዋ ብዛት አፏን በመዳፏ ያዘች።

ደስታው አልቆየም። በሚቀጥለው ቀን ያንኑ ሲሞክሩ ዓይኑ ተገለበጠና እጃቸው ላይ ራሱን ሳተ። ውኃ ረጭተው ሲያነቁት ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ።

«ማስተዋል፣ በቃኝ» አለ። «ሰዎቹን አመስግኚልኝና ጉዞው ቀርቷል በያቸው። እግሬም ይቅር። ተኝቼ ልኑር።»

«ቀጠሮው ደርሷል እኮ ይታገሱ።»

«ወንበሩ ላይ ያለሁት እኔ እንጂ አንቺ አይደለሽም።»

ወደ ጓሮ ወጥታ ከእንሰቱ ጀርባ ቁጭ አለችና ድምፅዋን ዋጥ አድርጋ አለቀሰች። ልጅ አልወለዱም፤ ወላጆቿ ሞተዋል። በዓለም ላይ ያላት ሰው ያ ወደ ግድግዳ የዞረው ሰው ነው፤ እሱም በዓይኗ ሥር እየሄደባት ነው። ወደ ፈጣሪ ልትጸልይ ፈለገች፤ ከአፏ የወጣው ግን «ምን አድርጌህ ነው?» የሚል ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያደረገችውን እስከ ዛሬ ለራሷም መናገር ይከብዳታል። ተረፈን አስጠራች። ይታገሱ እየተቃወመ አንስተው እዚያ ወንበር ላይ አስቀመጡት፤ ትራሱን፣ ጋቢውን፣ በርጩማውን አስተካከሉ። ቀጥላ ነጠላዋን አወለቀችና ደረቱን ከወንበሩ መደገፊያ ጋር አሰረችው።

«ምን ልትሆኚ ነው? ፍቺኝ!»

«አውሮፕላኑ ተነስቶ እስኪደላደል ነው፤ ከዚያ ትተኛለህ።»

ጮኸ። ለመናት። ሰድቧት የማያውቀው ሰው ሰደባት። እማማ ወርቅውሃ «ልጄን ገደለችው! ያገር ያለህ!» እያሉ ደረታቸውን ደቁ። ተረፈ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። ማስተዋል ከባሏ እግር ሥር መሬት ላይ ተቀምጣ ሁለት ጆሮዋን ይዛ ቆየች። ጩኸቱ ወደ ማቃሰት፣ ማቃሰቱ ወደ ዝምታ ሲወርድ ቀና ብላ አየችው። ራሱን አልሳተም። ጥርሱን ነክሶ፣ እንባው በጢሙ ላይ እየወረደ፣ ቁልቁል ያያታል። ያኔ ፈታችው።

ለበርካታ ቀናት አላናገራትም። ግን ወንበሩን እምቢ አላለም። ጠዋት ጠዋት ተረፈ ሲመጣ ራሱ እጁን ይዘረጋለት ጀመር።

ውጭ አገር የሄደ ሁሉ ምክር ለገሰ። «የፊተኛውን ረድፍ ያዙ፤ ከፊቱ ወንበር ስለሌለ እግር እንደልብ ይዘረጋል» አሏት። ማስተዋል ቲኬት ቢሮ ተመላልሳ፣ ደጅ ጠንታ፣ ሦስት ወንበር ያለውን ያንን ረድፍ ሙሉውን አገኘች፤ የባሏን ሕይወት በእጇ የያዘች መሰላት።

የጉዞው ዕለት በፒክአፕ ላይ ፍራሽ አንጥፈው አዲስ አበባ አደረሱት። ኤርፖርት ላይ ተረኛዋ ሐኪም «እስቲ ቁጭ ብሎ ልየው» አለች። ተቀመጠ። «ያምሃል?» ስትለው «ትንሽ» አለ፤ ፈገግ ለማለትም ሞከረ። የአንገቱ ሥር ግን ገመድ መስሎ ነበር። አሳለፈቻቸው።

በመተላለፊያው በምታልፍ ጠባብ ዊልቸር እየገፉ አውሮፕላኑ ውስጥ አስገቡት፤ የፊተኛው ረድፍ ላይ አስቀመጡት። ማስተዋል አውሮፕላኑ ሲደላደል እንዲጋደም በወንበሮቹ መካከል ያለውን የእጅ መደገፊያ ወደ ላይ ልታነሳ ያዘች። አልተነሳም። ጎትታ ሞከረች፤ አልነቃነቅ አለ። አስተናጋጇን ጠራች።

«ይሄ ረድፍ ላይ አይነሳም እናቴ» አለቻት ልጅቷ። «ከፊት ወንበር ስለሌለ የምግብ ጠረጴዛው እዚህ ውስጥ ነው የተቀበረው።»

ያን ያህል ደጅ የጠናችለት ቦታ! እግር ይዘረጋል፤ ሰው ግን አይተኛበትም። ያን ሁሉ መንገድ ቀጥ ብሎ ሊሄድ ነው። ባሏን አየችው፤ ሰምቷል። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል።

«አውርጂኝ» አላት በሹክሹክታ። «ማስተዋል፣ በማርያም፣ ሳይነሳ አውርጂኝ።»

ብድግ አለች። ከኋላቸው የተቀመጡት አንድ ኢትዮጵያዊና ሁለት ወጣት ሕንዶች ነበሩ። ለማን እንደምትናገር እንኳ አላወቀችም። «ወገኖቼ፣ በፈጠራችሁ! ይሄ ሰው መቀመጥ አይችልም! ቦታችሁን ለውጡኝ!» ድምፅዋ ከቁጥጥሯ ውጪ ሆኖ ነበር። አስተናጋጇ «በሩ ሊዘጋ ነው፣ እባክዎ ይቀመጡ» ትላለች፤ ሕንዶቹ ግራ ገብቷቸው ያዩዋታል፤ ከወዲያ ረድፍ አንዱ «እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ይዞ መምጣት ምን ይባላል?» ሲል ሰማችው። መተላለፊያው ላይ ተንበረከከች።

ኢትዮጵያዊው ቀበቶውን ፈትቶ ተነሳ። ወፈር ያለ፣ ነጭ ቆብ ያደረገ ጎልማሳ ነው። «ተነሺ፣ ተነሺ እህቴ፤ አብሽሪ» አላት ክንዷን ይዞ። «ከየት ናችሁ?»

«ከወልቂጤ።»

«እኔ የቡታጅራ ልጅ ነኝ፣ ሙባሪክ እባላለሁ። ዕቃ ላመጣ ነው የምሄደው፤ ለኔ የትም ቢሆን ያው ነው።» ወደ ሕንዶቹ ዞሮ በእጁም በተሰባበረ እንግሊዝኛም የፊተኛውን ሰፊ ቦታ አሳያቸው። ገባቸው፤ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ተሻገሩ። ሙባሪክ ይታገሱን በብብቱ ይዞ አነሳው። «በርታ ወንድሜ፣ ሱሪህ ባይጠበኝ ኖሮ ባንተ ፋንታ እኔ እታመምልህ ነበር» ሲለው ይታገሱ ለመሳቅ ሞክሮ አቃተው።

አውሮፕላኑ ሲነሳ ማስተዋል በክንዷ ደረቱን አቅፋ ይዛው ነበር። ጥርሱ ሲንቀጫቀጭ ትሰማለች። የቀበቶው መብራት ሲጠፋ መደገፊያዎቹን አነሱና በጎኑ አጋደሙት፤ ራሱን ጭኗ ላይ አደረገ። ያን ጊዜ ነው፣ ከነጠላው ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እጇን ፈልጎ የያዛት።

ሲያርፍ ደግሞ ያው ስቃይ። ቁልቁል ሲወርድ ባሰበት፤ ጎማው መሬት ሲነካ የጮኸውን ጩኸት አውሮፕላኑ ሁሉ ሰማ። ማስተዋል የምታስታውሰው እያወረዱት ሳለ ሙባሪክ ከሕዝቡ ጋር ተገፍቶ ሲርቅ እጁን ሲያውለበልብ ነው። ስልኩን አልተቀበለችም፤ የአባቱንም ስም አልጠየቀችም።

ቀዶ ጥገናው ተደረገ። የእሳቱ ሕመም ለቀቀው፤ እግሩ ግን ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። ሐኪሙ «ትንሽ ቀደም ብትሉ ኖሮ» አለና ሳይጨርሰው ተወው። ዛሬ ይታገሱ በምርኩዝ ይሄዳል፤ ግራ እግሩን ይጎትታል። መኪና መንዳት ቀርቶበታል። አንዳንድ ቀን ከሰው ጋር ይጫወታል፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ቀኑን ሙሉ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይተኛል፤ ያኔ ማስተዋል ቡናም ምግብም አትጠይቀውም፣ ዝም ብላ አጠገቡ ትሆናለች።

ከሕንድ በተመለሱ በዓመቱ ገደማ ማስተዋል ቡታጅራ ወረደች። በገበያው መሃል ከሱቅ ሱቅ እየዞረች «ሙባሪክ የሚባል፣ ወፈር ያለ፣ ከሕንድ ዕቃ የሚያመጣ» እያለች ጠየቀች። አንዱ የጨርቅ ነጋዴ ሳቀ።

«የትኛው ሙባሪክ እናቴ? እዚህ መንገድ ላይ ብቻ ስንት አለ መሰለሽ! ምን አድርጎሽ ነው? ዕዳ አለበት?»

«የለበትም» አለችው። «ያለብኝስ እኔ ነኝ።»

ነጋዴው ያሉትን ሙባሪኮች ሁሉ እየጠራ አሳያት። ሁሉንም አየቻቸው። አንዳቸውም ያ ሰው አልነበሩም። ሁሉም ግን ነገሩን ሲሰሙ «አብሽሪ» አሏት።