ያልሰማ አልከለከለም

ልጄ ሰቆጣ ከተማ ባለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ ተጋድማ በስልኳ ጌም ትጫወታለች። በጌሙ ውስጥ ዓለም ጠፍቶ በረሃ ሆኗል፤ የተረፉት ሰዎች በየሰፈሩ ጎራ ለይተው ለውሃ ሲሉ ይጋደላሉ። አንዱ የደረቀ ጉድጓድ በጣሳ ሲፍቅ ድምፁን ሰማሁና ጆሮዬን በላኝ።

ልጅ ሳለሁ፣ በድርቁ ዓመት፣ ፀሐይ ከነአካቴው ቤቷ መግባት ትታ ነበር። መንደራችን የወንዙን አሸዋ ቆፍሮ ትንሽ ውሃ አገኘና የታችኛውን መንደር ከለከለ። ጠባቂው አባቴ ነበር። ችግሩ፣ በእኛ አገር «ስለ ማርያም» ብሎ ውሃ የለመነ ባዶ እጁን አይመለስም። ስለዚህ አባቴ ለአንድ ጋቢ የሚበቃ ጥጥ ጆሮው ውስጥ ይጠቀጥቅ ጀመር።

«አባዬ፣ ጆሮዎን አመመዎት?» አልኩት ጥጡን ከመጠቅጠቁ በፊት።

«ያልሰማ አልከለከለም፣ ልጄ።»

ጨዋታ መስሎኝ ሳቅሁ።

ከታችኛው መንደር አንዲት እናት ሕፃን አዝላ መጣች። «ስለ ማርያም፣ ለልጄ አንድ ጣሳ!» አለች። አባቴ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቶ ወደ እኔ ዞረና «ምን አለች?» ብሎ ጮኸ።

ጉድጓዱ ውስጥ የቀረው አንድ ጣሳ ውሃ ነበር። እኔም ጠምቶኛል። ምንም አላለችም ለማለት ራሴን ግራና ቀኝ ወዘወዝኩ።

ሴትዮዋ ሄደች። አባቴ ጣሳውን ሞልቶ ፊቴን ሳያይ ሰጠኝ፤ እኔም እስከ አሸዋው ጠጣሁት።

«እማዬ፣» አለች ልጄ ከስልኳ ሳትነቀል፣ «ከሌላው ጎራ የመጣች ሴት ውሃ እየለመነችኝ ነው። ልስጣት ወይስ ላባርራት?»

«ምን አልሽ?» አልኳት፣ በደንብ ሰምቻት።