ቶይባ የገባችው ወንፈል

መርሳ ውስጥ ቶይባን ተቀምጣ ያየ ሰው ካለ ይምጣና ይንገረን፤ እኛ አላየንም። ጌም ቤት የከፈተ ሰው ሥራው ምንድን ነው? ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ የተማሪውን ጫጫታ መስማት፣ ጆይስቲክ እንዳይሰብሩ መቆጣት፣ በቃ። እሷ ግን አንዴ በር ላይ ናት፣ አንዴ ጓዳ ናት፣ አንዴ ደግሞ አስፋልቱን ተሻግራ የመብራት ምሰሶው ሥር አንገቷን አንጋጣ ቆማለች። "አንቺ ልጅ፣ ኧረ በአላህ እረፊ!" ይሏታል ጎረቤቶቿ። "ስሞት አርፋለሁ" ትላለች፣ እሱንም የምትለው እየሄደች ነው።

ይህ መቅበዝበዝ ከየት መጣባት የሚል ካለ ኩዌትን ይጠይቅ። ቶይባ እዚያ ስድስት ዓመት ስትሠራ አራቱን ዓመት ያስታመመችው የማዳሟን እናት ነው። አሮጊቷ የሚያንቀጠቅጥ በሽታ ነበረባቸው። ሲጀምር ቀላል ይመስላል፤ አውራ ጣትና ሌባ ጣት እርስ በርስ ይተሻሻላሉ፣ ሰውየው የጸሎት መቁጠሪያውን፣ ሙስበሃ፣ የሚቆጥር ነው የሚመስለው። ቀጥሎ እግር እምቢ ይላል። ከዚያ ፊት ይዘጋል፤ ሳቅም ቁጣም አይወጣበትም። መጨረሻውን ቶይባ አይታዋለች፤ ለማንም ግን ትንፍሽ ብላ አታውቅም።

የማዳሟ ልጅ ፕሌስቴሽን ነበረው፣ ያ ጥቁሩ፣ ሦስተኛው። ጨዋታ ሲጠግብ ያጠፋዋል ብላ ብትጠብቅ አያጠፋውም። አንድ ቀን ልታጠፋው እጇን ስትሰድ ጮኸባት። "ተይው! አሁን ለአያቴ እየሠራ ነው።" ከዚያ ተረጋግቶ በዓረብኛ አስረዳት። በየአገሩ ጌም ተጫዋቾች ማሽናቸውን ሥራ ሲፈታ ለሐኪሞች ምርምር ያውሱታል። ለአንድ ትልቅ ኮምፒውተር እንኳ የሚከብድ ስሌት አለ፤ ይቆራርሱትና ለየቤቱ ማሽን ቁራሽ ቁራሹን ይልካሉ። ማሽኑ የደረሰውን ሠርቶ መልሶ ይልካል፣ ሌላ ይቀበላል። ስሌቱ በሰው ገላ ውስጥ ያሉ፣ በዓይን የማይታዩ ክሮች እንዴት እንደሚጠመዘዙና ሲሳሳቱ እንዴት በሽታ እንደሚሆኑ ለማወቅ ነው። ስክሪኑ ላይም ውሉ የጠፋ ልቃቂት የመሰለ ነገር ቀስ እያለ ይዞራል። አሮጊቷ ሲሞቱ ልጁ ማሽኑን ማየት አስጠላው። ቶይባ ወደ አገሯ ስትመለስ ሻንጣዋ ውስጥ ራሱ ከተተላት።

በሁለት ሺህ ሦስት ዓመተ ምሕረት መርሳ ላይ ጌም ቤቱን ከፈተች። በከፈተች በሳምንቱ እናቷ እትዬ ወርቅዬ ከገጠር የማሽላ እሸት ይዘው ሊመርቁ ወረዱ። ወንበር ላይ አረፍ አሉ፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ቶይባ ውኃ ልትሰጣቸው ጎንበስ ስትል አየችው፤ አውራ ጣታቸውና ሌባ ጣታቸው ሙስበሃ ይቆጥራሉ፤ እጃቸው ላይ ግን ሙስበሃ የለም። ክው አለች። ብርጭቆው ከእጇ አልወደቀም እንጂ እሷስ ወድቃለች።

ደሴ ወስዳ አስመረመረቻቸው። ሐኪሙ ያንኑ አላት። በቀን ሦስት ጊዜ የሚዋጥ ክኒን አዘዘላቸው፣ "አያድንም፣ ግን ያቀልላል፤ እንዳይቋረጥ" ብሎ። እትዬ ወርቅዬ ከጌም ቤቱ ኋላ ያለችው ክፍል ውስጥ ገቡ። ቶይባ ከዚያ ቀን ጀምሮ እረፍት የሚባል ነገር አጣች። ክኒኑ ለሷ አልበቃትም፤ ኩዌትም ክኒን ነበር።

ማሽኑን ያስጀመረላት ሀብታሙ ነው። ሀብታሙ ሲሪንቃ ምርምር ማዕከል የሚሠራ፣ አቀንጭራ የሚሉት አረም የማይበላው ማሽላ ፍለጋ ጠጉሩን የጨረሰ ሰው ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን መርሳ ይመጣና በጌም ኳስ በስምንተኛ ክፍል ተማሪ አምስት ለባዶ ይሸነፋል። አሮጌ ኮምፒውተርና ገመድ አልባ የሲዲኤምኤ ኢንተርኔት አገናኝቶ መስመር ዘረጋላት። ተማሪው ትምህርት ቤት ሲገባ ማሽኑ ለሐኪሞች ይሠራል፣ ተማሪው ሲወጣ ኳስ ይጫወታል። የመጀመሪያው ቁራሽ ተሠርቶ ሲሄድ ስክሪኑ ላይ የዓለም ካርታ መጣ፤ የሚሠሩት ቤቶች እንደ መብራት ነጥብ ነጥብ ብለዋል። ባሕር ማዶው ቦግ ብሏል። በኛ በኩል ጨለማ ነው፣ አንዲት ነጥብ ብቻ። "ያቺ እኔ ነኝ! ወላሂ እኔ ነኝ!" ብላ ጮኸች።

ሥራውማ ሥራ ነው፤ ችግሩ መብራቱ። ለእያንዳንዱ ቁራሽ ቀን ተቆርጦለታል፤ ቀኑ ካለፈ ለሌላ ሰው ይሰጣል። መብራት ብልጭ ድርግም ባለ ቁጥር ማሽኑ ትንሽ ወደ ኋላ ይመለስና እንደገና ይጀምራል። ቶይባ ምሰሶ ሥር የምትቆመው ለዚህ ነው። የመብራት ኃይል ሠራተኞች መኪናቸውን ከሩቅ ሲያቆሙ "ያቺ ሴት መጣችብን" መባባል ጀመሩ። "እህት፣ ለኳስ ጨዋታ ይሄን ያህል?" ሲላት አንዱ፣ "ለኳስ ነው ያለህ ማነው?" ብላ አፈጠጠችበት። ልጁ ደንግጦ መሰላሉን ወጣ።

እትዬ ወርቅዬ ይህን ሁሉ እያዩ ዝም የሚሉ ሰው አይደሉም። አንድ ጠዋት "ይህ ሲዞር የሚውለው ልቃቂት ምንድን ነው?" አሉ።

"ያንቺ በሽታ ነው እማ። ውሉን እየፈለጉለት ነው።"

"እነማን?"

ቶይባ በር ላይ ሆና መብራቱን ታያለች፤ ልቧ እዚያ ነው። ቶሎ የሚገባቸውን ቃል ፈለገችና "ወንፈል ነው" አለቻቸው። "በየአገሩ ያለ ሰው ተሰብስቦ ይሠራል። እኛም ገብተናል።"

እትዬ ወርቅዬ ፊታቸው በራ። ወንፈልን ከሳቸው በላይ ማን ያውቃል! ዛሬ ያንተን ማሳ እናርማለን፣ ነገ የኔን፣ ከነገ ወዲያ የሷን፤ የገባ ሰው ማሳው ሳይታረም አይቀርም። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" አሉና፣ ትንሽ ቆይተው "የኛ ተራ መቼ ነው ታዲያ?" ብለው ጠየቁ።

ያኔ "ተራ የለውም" ማለት ነበረባት። አላለችም። "ይደርሳል" አለች። በማግስቱም ጠየቁ፣ በሳልስቱም። ጠዋት ተነስተው ሶላታቸውን ሰግደው የመጀመሪያ ቃላቸው "ተራችን ደረሰ?" ሆነ። ቶይባ ሀብታሙን ለብቻው ይዛ "ይህ ነገር መድኃኒት የሚሆነው መቼ ነው?" አለችው። ሀብታሙ ጭንቅላቱን አከከ። "እኔ አንዲት የማሽላ ዘር ከሙከራ መሬቴ ገበሬው ማሳ እስክትደርስ አሥር ዓመት፣ አሥራ ሁለት ዓመት እጠብቃለሁ። የሰው መድኃኒት ደግሞ ከማሽላ ይብሳል፤ ከናካቴውም ላይሳካ ይችላል።" ቶይባ ይህን ሰምታ ዋጠችው። ማታውኑ እናቷ ሲጠይቋት መብራት ጠፍቶ ተቃጥላ ነበርና "ለአረፋ! ለአረፋ ይደርሳል አልኩሽ!" ብላ ጮኸችባቸው። እትዬ ወርቅዬ በጩኸቱ አልተቀየሙም። "አልሀምዱሊላህ" ብለው ተኙ።

አረፋ አሥር ቀን ሲቀረው ነገሩ ተበላሸ። መጀመሪያ እርምጃቸው አጠረ። ከዚያ እጃቸው ማንኪያ አልይዝ አላቸው። ቶይባ በቀን ሦስት ጊዜ ክኒኑን በእጇ ሰጥታ፣ ውኃውን አጠጥታ ነው ወደ ማሽኗ የምትሮጠው፤ ታዲያ ይህ ምን የሚሉት ነው? በሽታው ጠንክሮ እንደሆነ ገመተች፤ ስትገምት ደግሞ የባሰ ሮጠች። በስምንተኛው ቀን ጠዋት ልታነሳቸው ብትሞክር እንደ እንጨት ደርቀዋል፤ ገላቸው ይፋጃል፣ ጥርሳቸው ተገጥሟል። "እማ! እማ!" ብትል ዓይናቸው ብቻ ይንከራተታል።

ጎረቤት ተጠርቶ፣ መኪና ተለምኖ፣ ሊያነሷቸው ከሥራቸው የተነጠፈውን ጅርባ ሲያጥፉት ከሥሩ የተቋጠረች ጨርቅ ወደቀች። ቶይባ ፈታቻት። የስምንት ቀን ክኒን ነው፤ ግማሹ በምራቅ ርሶ የደረቀ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እትዬ ወርቅዬ ደግሞ መድኃኒቱን ነው የደበቁት። ጉንጫቸው ውስጥ ይይዙትና፣ ልጅት ፊቷን ስታዞር ያወጡታል። ልጅት ፊቷን ለማዞር መቼ ጊዜ ወስዶባት ያውቃል!

ከመርሳ ወልድያ ያለው መንገድ ያን ቀን አላልቅ አለ። ሲሪንቃ ላይ የግመል መንጋ አስፋልቱን ዘግቶ ሲያስቆማቸው ቶይባ ወርዳ በነጠላዋ ግመል አባረረች። ሆስፒታል ሲደርሱ ዶክተር ሰላም የምትባል ወጣት ሐኪም ጨርቋን ተቀብላ አየችና "ይህ መድኃኒት በአንዴ ከተቋረጠ እኮ ይገድላል" አለች። "ማነው ያስቆማቸው?"

መልሱን የሰጡት እትዬ ወርቅዬ ናቸው፤ በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ወርዶ አንደበታቸው ሲፈታ። ዶክተር ሰላም "ለምን እማማ? ለምን ተዉት?" ብትላቸው፣ አላዋቂ ልጅ እንደሚያስተምር ሰው ቀስ ብለው አስረዷት።

"ነገ ወንፈል ሊገባበት ያለን ማሳ ዛሬ ማን ያርመዋል ልጄ? እነዚያ ሰዎች ከሩቅ መጥተው አረም ባያገኙ፣ 'የዚህችስ ንጹሕ ነው' ብለው አልፈውኝ አይሄዱም? በሽታው ይታያቸው ብዬ ነው።"

ሐኪሟ ምንም አልገባትም። ቶይባ ገባት። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

አረፋ ሆስፒታል ውስጥ አለፈ። በማግስቱ ከቀትር በኋላ፣ ሌሎቹ ሕመምተኞች አሸልበው፣ እትዬ ወርቅዬ "ተራችን አለፈን?" አሉ። ቶይባ ውኃ ላመጣ ብላ ተነሳች።

"ውኃ አልጠማኝም። ቁሚ።"

ቆመች። "ተራ የለም እማ። ዋሽቼሽ ነው። መድኃኒቱ ቢገኝም ላንቺ አይደርስም። ሀብታሙን ጠይቄ ነግሮኛል። አውቄ ነው የዋሸሁሽ።"

እትዬ ወርቅዬ ዓይናቸውን ከሷ ላይ አልነቀሉም። ፊታቸው እንደሆነ አይነበብም። ተቆጥተው ይሁን አዝነው ቶይባ ልታውቅ አልቻለችም፤ ቢመቷት በወደደች።

"ያቺ አሮጊትስ? የማዳምሽ እናት?"

"ሞቱ።"

"መሞታቸውንማ ነግረሽኛል። እንዴት ነው የሞቱት? እህል ውኃቸው አለቀ ብለሽ እንዳታመልጭኝ። አንቺ አይተሻል፤ እኔ ደግሞ የምሄድበትን መንገድ ማወቅ አለብኝ።"

ቶይባ ስድስት ጊዜ ጀምራ ስድስት ጊዜ አቆመች። ከዚያ ወጣላት። "ጉሮሯቸው መዋጥ ረሳ። ድምፃቸው ጠፋ፤ ልባቸው ግን ሁሉን ያውቅ ነበር። አንድ ዓርብ ቀን ቤቱ በሙሉ ሊሰግድ ወጥቶ ብቻችንን ነን። ሾርባ ሳጎርሳቸው ታነቁ። ቸኩዬ ነበር እማ። ሌላ ሥራ ነበረኝና ቸኩዬ ነበር። ማንኪያውን የያዝኩት እኔ ነኝ። 'ቀናቸው ደረሰ' አሉ፤ ማንም አልጠየቀኝም።"

አለቀሰች። ነርሷ በበሩ አንገቷን አስግጋ አይታ ተመለሰች።

"እጅሽን አምጪ" አሉ እትዬ ወርቅዬ።

ሊያጽናኗት መስሏት ሰጠቻቸው። እሳቸው ግን መዳፋቸው ላይ ዘርግተው አስቀመጡትና ዝቅ ብለው ያዩት ጀመር፤ ጣት በጣት።

"እናቴም እንዲህ ነበረች" አሉ። "አያትሽ። እሳት ዳር ተቀምጣ ጣቷ ሙስበሃ ይቆጥር ነበር። ብርድ ነው እንል ነበር እኛ። እስቲ አትንቀሳቀሺ።"

ቶይባ ትንፋሿን ያዘች። እጇ ይንቀጠቀጣል። ከልቅሶው ይሁን፣ አራት ቀን እንቅልፍ ካለማየት ይሁን፣ ከሥሩ ያለው የእናቷ መዳፍ እያንቀጠቀጠው ይሁን፣ ሁለቱም አተኩረው አይተው መለየት አልቻሉም።

እትዬ ወርቅዬ ቀና አሉ። "እኔማ ለኔ መስሎኝ ነው ተራውን ስጠብቅ የነበረው" አሉ። "ክኒኑን ስጪኝ፣ እውጠዋለሁ፤ አፌንም ከፍቼ አሳይሻለሁ። አንቺ ለሀብታሙ ደውይለት። ማሽኗ አራት ቀን ተዘግታ ውላለች። አሁኑኑ ሄዶ ይክፈታት።"

ቶይባ ስልኳን አወጣች። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ተሳሳተች፤ በሦስተኛው ጠራ።