ጠርዙን ማልበስ

ደርዊሽ ከወሎ መጥቶ አቃቂን የለመደው ባቡር ጣቢያ ጆንያ በመሸከም ነበር። አንድ ቀን ፋብሪካ ግቢ ጭነት ሲያራግፍ ሁለት ብረት በእሳት አንድ ሲሆን አየና ፈዝዞ ቀረ። አለቃው እየጮኸ ሲጠራው አልሰማም። የዚያን ዕለት የብየዳው ብርሃን የመታው ዓይኑ ሲያለቅስ አደረ፤ በማግስቱ ግን ተመልሶ ሄዶ የጥገና ክፍሉን ደጅ ጠና። ብየዳ የተማረው እንዲህ ነው።

ንጉሡ ወረዱ፣ ፋብሪካው ተወረሰ፣ አለቆቹ ጓድ ተባሉ። ደርዊሽ ያው በያጅ ነበር። የተለወጠው መዳፉ ብቻ ነው። ከእሳቱ ብዛት ቆዳው ደድሮ፣ ሌላው ሰው በጣቱ ጫፍ የሚይዘውን ትኩስ የሻይ ብርጭቆ እሱ ጨብጦ ወሬውን ይቀጥላል። ሚስቱ ሰዓደት በዚህ ትስቅበት ነበር።

ሰዓደት የሰፈሩን ልጆች ዩኒፎርም ትሰፋለች። የአንድ ልጃቸው የላጢፋ ቦታ ከስፌት መኪናዋ አጠገብ ነበር፤ ክር ትሰካለች፣ ቁልፍ ትተክላለች። ላጢፋ ዘጠነኛ ክፍልን በጨረሰችበት ክረምት መግቢያ ታማ ሞተች።

ለለቀስተኛው ቦታ እንዲገኝ ጎረምሶች ዕቃውን ወደ ጓሮ ሲያወጡ የስፌት መኪናዋ ከእጃቸው አመለጠች። በዚያ ግርግር ልብ ያለ ሰው አልነበረም። ሰው ሁሉ ተበትኖ ቤቱ ጭር ሲል ነው አንገቷ ከመሠረቷ ተገንጥሎ ያገኟት። ሰዓደት አይታ ወደ ቤት ገባች። ከሰነበተች በኋላ ግን፣ «ቆራሌው ሲያልፍ ስጠው፤ ይገላግለን» አለች።

ደርዊሽ አልሰጠም። ሰዓደት ውላ የምታድረው ግድግዳ እያየች ነው። ድሮ «የላጢፋ አባት» ብላ ነበር የምትጠራው፤ አሁን በምንም ስም አትጠራውም። መኪናዋ ከቤት ከወጣች ሰዓደት ከእንግዲህ ምንም ነገር እንደማትጀምር ታወቀው።

የመኪናዋን የውስጥ ዕቃ ፈታትቶ በጣሳ አስቀመጠና የተሰበረውን ብረት ይዞ ሥራ ቦታው ሄደ። በምሳ ሰዓት፣ ሰው ሳያየው፣ በተራ የብየዳ ዘንግ፣ በኤሌክትሮድ፣ ቶሎ ቶሎ በየደው። በመዳፉ ዳሰሰውና ቀዝቅዟል ብሎ ሌላ ብየዳ ደረበበት። ሊያነሳው ሲል ከብየዳው መስመር ጎን ጧ ብሎ ተሰነጠቀ።

የጥገና ክፍሉ ኃላፊ አያና ከበሩ ላይ ቆሞ ኖሯል።

«አንተ ወሎዬ! ጊዛን የሚያህል ተሰባሪ ብረት እንደ አጥር ብረት ትበይዳለህ? ሰው የምታስተምር ሰውዬ!»

«ቸኮልኩ።»

«ማን አሯሯጠህ?»

ደርዊሽ የተሰነጠቀውን ብረት ወደ እሱ ገፋ አደረገለት። አያና ለቅሶው ላይ ነበር፤ መኪናዋንም አወቃት። ቀልዱን ትቶ ቁም ሣጥኑን ከፈተና ከፓምፕ ጥገና የተራረፉ የኒኬል ኤሌክትሮድ ቁራጮች አወጣለት።

«ለሌላ ሥራ አይሆኑም። እሑድ የጥበቃ ተረኛ እኔ ነኝ፤ ና።»

ደርዊሽ ቤት ገብቶ ሰዓደትን፣ «እሑድ አብረሽኝ ነይ። እጅሽ ያስፈልገኛል» አላት።

«እጄ ምን ይረባሃል?»

«የኔ ሙቀት አያውቅም። ያበላሸብኝ እሱ ነው።»

ቅር እያላት ነጠላዋን ደርባ ተከተለችው።

እሑድ ጠዋት ደርዊሽ ሁለቱን የተሰበሩ ጠርዞች በሞረድ አጸዳና አራርቆ አስቀመጣቸው። ሰዓደት ግራ ገባት።

«አትገጥማቸውም እንዴ?»

«አሁን አይደለም። ጊዛ ሲበየድ ጠርዙ ይደርቅና እንደ ሸክላ ይሆናል። የበየድኩት ደግሞ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። ገጥሜ ከበየድኳቸው ይጓተትና ያን የደረቀውን ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ አስቀድሜ ሁለቱንም ለየብቻ በዚህ አያና በሰጠኝ ለስላሳ ብረት አለብሳቸዋለሁ። ሳይያያዙ እንደፈለጉ ይኮማተሩ። ኋላ የሚገናኘው ለስላሳው ከለስላሳው ነው።»

ፊቷን እንድታዞር ነገራትና በጣት ስፋት ብቻ በየደ። ወዲያው በትንሿ መዶሻ ቀስ እያለ መታ መታ አደረገው። ከዚያ ቆሙ። ከብየዳው ፈንጠር ብሎ የት እንደምትነካ አሳያት። ሰዓደት በእጇ ጀርባ ነካ አድርጋ መለስ አለች።

«ገና ነው።»

ጠበቁ። ነካች። «አሁን ይቻላል።» በየደ፣ መታ መታ አደረገ፣ ጠበቁ። አያና ጠመንጃውን እንዳነገተ ብቅ አለ።

«እትዬ ሰዓደት፣ ይሄ ሰውዬ ዳቦ ላይ ማርማላታ ሲቀባ ነው እንዴ የሚውለው?»

«እሱስ ቢሆን ይበላ ነበር» አለች።

ደርዊሽ ቀና ብሎ አያት። እንዲህ ያለ መልስ ከአፏ ከወጣ ቆይቷል።

አንደኛው ጠርዝ ለብሶ ሁለተኛው ሊያልቅ ሲል የድሮ ችኮላው መጣበት። ኤሌክትሮዱን ሰክቶ ሊጎነበስ ሲል ክንዱን ያዘችው።

«የላጢፋ አባት! ገና ነው አልኩህ እኮ!»

ደርዊሽ ማስኩን አውልቆ ሳጥን ላይ ተቀመጠ። እሷም አጠገቡ ተቀመጠች።

«እሷም እንዳንተ ችኩል ነበረች» አለች ሰዓደት። «ሳትቋጥር ክሩን ትበጥሰዋለች።»

«ቁልፉ አንቺ እጅ ላይ ይወልቃል።»

«ተደብቄ እተክለው ነበር። እንዳይከፋት ብዬ።»

ብረቱ ከሚፈልገው በላይ ሳይቀዘቅዝ አልቀረም። ማንም አልቸኮለም።

ከሰዓት በኋላ የለበሱትን ጠርዞች ገጥሞ በዚያው ትዕግሥት አያያዛቸውና መጋጠሚያውን ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ አመድ ውስጥ ቀበረው። አጠገቡ ተቀምጠው ጆሯቸውን ሰጡ። ጧ የሚል ድምፅ አልመጣም። ደርዊሽ አውጥቶ በመዶሻ ጫፍ ሲያንኳኳው ጥርት ብሎ ጮኸ።

«አልሐምዱሊላህ» አለች ሰዓደት፤ ነጠላዋን አውልቃ ጠቀለለችበት።

ቤት ገብቶ የውስጥ ዕቃዋን ሲገጥም አንገቷ ለዓይን የማይታይ ያህል ዘመም ብሏል። ሰዓደት ቁራጭ ጨርቅ አስገብታ መዘወሪያውን በእጇ አዞረች። መርፌው የሚገባበትን የብረት ቀዳዳ አፍ ጫር እያደረገ ይወርዳል። ደርዊሽ መፍቻውን አነሳ።

«ተወው» አለች። የአንገቷን እግር ብሎን ላላ አድርጋ በታጠፈ ወረቀት ደገፈችና እንደገና አዞረች። መርፌው ነጻ ወረደ። ስፌቱ ትንሽ ይጣመማል፤ ግን ይይዛል። ጨርቁን በሁለት እጇ ወጥራ ሳበችው፤ አልተተረተረም።

«በል ጎረቤታችንን አሰለፈችን ጥራልኝ» አለች ቀና ሳትል። «ልጆቿን ይዛ ትምጣ፤ ልለካቸው። ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው።»

ደርዊሽ የጫማውን ክር ሳያስር ወጣ።