ወደ ውስጥ የሚታደስ ቤት

ጅማ ክረምቱ ረጅም ነው፤ የጭቃ ቤት ከሥሩ ይበሰብሳል። ቦሳ አዲስ ሰፈር የነበረው ቤታችን የቀበሌ ቤት ነበር። አባቴ በመንግሥት ሥራ ከሸዋ ተዛውሮ ሲመጣ በደርግ ጊዜ ተከራየው፣ እኔም እዚያው ተወለድኩ። ኢሕአዴግ ከገባም በኋላ ኪራዩ ለስሙ ያህል ነበር። አባቴ «መንግሥት ለደሃ ያሰበው ነገር ቢኖር ይኼ ነው» ይል ነበር። እውነቱን ነው፣ አስቦ ነበር፤ ከዚያ ግን ረሳው። ቀበሌው ቤቱን አያድስም፤ ተከራዩ ያለ ፈቃድ ካደሰ ደግሞ ይባረራል። ፈቃድ ስንጠይቅ በጀት የለም ይሉናል። በጀት ማን ጠየቃቸው? እኛ አትከልክሉን ነው ያልነው።

ስለዚህ በሰፈራችን ቤት የሚታደሰው ወደ ውስጥ ነበር። የውጭው ግድግዳ እንደተላጠ ይተዋል። ከእሱ ኋላ ሌላ ቋሚ ይቆማል፣ ይማገራል፣ በጭቃ ይመረጋል። መራጊው ጎረቤታችን ነበሩ፣ ከአባቴ ጥቂት የሚያንሱ ሙስሊም፤ ጭቃውን ሰው እንዳያይ በጓሮ በኩል ያስገባሉ። ቤቱ በታደሰ ቁጥር ይጠባል። እናቴ «ይኼ ሰውዬ ቁም ሳጥን ውስጥ ሊከተን ነው» እያለች ትስቃለች። የውጭውን ግድግዳ ትንሽ እንለቅልቀው ስትል ግን አባቴ ይቆጣል፤ «ዓይን ውስጥ ልታስገቢን ነው?» ጡረታ ከወጣ ወዲህ አንድ ምኞት ብቻ ነበረው። «ከዚህ ቤት የምወጣው በቃሬዛ ነው» ይል ነበር።

አንድ ሐምሌ የቀበሌው ኮሚቴ መጣ። ዝናብ ስለነበረ መንገዱ ዳር ጃንጥላ ይዘው ቆመው አዩትና «ይኼ ለመኖሪያ አይሆንም፣ ይፈርሳል» አሉ። አባቴ በሩ ላይ ደርቆ ቀረ። ግቡና እዩ ቢል ያለ ፈቃድ አደሰ ሊባል ነው፤ ዝም ቢል ቤቱ ሊፈርስበት ነው። ጎረቤታችን ጠጋ ብለው «ማሎ ጋሼ፣ እባክዎ ያስገቧቸው እንጂ! ኢንሻአላህ አይተው ይተዉታል» አሉት።

አስገባቸው። እናቴ ሰማያዊ የቀባችው ግድግዳ ደረቅና ቀጥ ያለ ነበር። አንደኛው በመዳፉ መታ መታ አደረገውና «ጎበዝ፣ ጥሩ ተሠርቷል» አለ። አባቴ ፈገግ አለ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ያ ፈገግታው ነው። ሰብሳቢው ወዲያው «ማን ፈቀደልዎት?» ብሎ ጠየቀው። ቤቱ በውጩ ምክንያት እንዲፈርስ ተወሰነበት፣ እኛም በውስጡ ምክንያት ጥፋተኞች ተባልን።

ምትክ ቤት ይሰጣችኋል አሉን። እስኪሰጠን ብለን ኪቶ ፉርዲሳ አካባቢ ከግለሰብ አንድ ክፍል ተከራየን። አከራይዋ እንግዳ ሲበዛብን ፊቷ ይጠቁራል። የምትኩ ነገር ወሬው እንኳ ጠፋ። አባቴ ከቤት መውጣት ተወ፣ ከዚያ ማውራት ተወ፣ በሁለተኛው ክረምት ሞተ።

አከራይዋ «እኔ ግቢ ድንኳን አይተከልም» አለች። በዚያች ሴት ላይ ያደረብኝ ንዴት አሁንም አልወጣልኝም። ለቀስተኛ የት ይቀመጥ? እድሩ መክሮ ድንኳኑን ቦሳ አዲስ ወሰደው፣ ቤታችን የነበረበት ቦታ ላይ። ለልማት ይፈለጋል ብለው አፍርሰውት አረም ብቻ ለምቶበታል። ጎረቤታችን ከልጆቻቸው ጋር ሆነው አረሙን መነጠሩት። የሁለቱ ግድግዳዎች ሥር ጎን ለጎን መሬቱ ላይ ወጣ። አስከሬኑን ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመውሰዳችን በፊት እዚያ አሳርፈነው ተለቀሰ።

ቃሬዛው ሲነሳ ተሸካሚዎቹ በቅርቡ በኩል፣ በጓሮ አቅጣጫ ሊወጡ ዞሩ። እናቴ ከለቀስተኛው መሃል ተነስታ እጇን ዘረጋች።

«በዚያ አይደለም» አለቻቸው። «በሩ በዚህ በኩል ነው።»

ቆሙ፣ ተያዩ፣ ከዚያም ዞረው ባሳየቻቸው በኩል ይዘውት ወጡ።