የአምለሰት ሰኞ

አምለሰትን የማያውቅ ሰው ክፉ ናት ይላል። እኔ ሀብትነሽ ግን አጥር ለአጥር ሆነን ስንት ክረምት አብረን ያሳለፍን ጎረቤቷ ነኝና ልንገራችሁ፤ ክፉ አይደለችም፣ እምቢ ባይ ናት። ሁለቱ ይለያያሉ። ክፉ ሰው የሰው ይነካል። እሷ የሰው አትነካም፣ የሷን የነካ ግን ወዮለት! ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ስትሄዱ አስፋልቱን ለቃችሁ በእግር ትንሽ ብትወርዱ ወንዙ ዳር ድንችና ጥቅል ጎመን የሚበቅልበት ማሳ ታያላችሁ። እሱ የሷ ነው። የሷ ነው ስል ደግሞ እንዲሁ በአፌ አይደለም፤ ባለፈው ጳጉሜን የሆነውን ስትሰሙ ይገባችኋል።

ባሏ ባንተአምላክ ከሞተ ሦስት ዓመት ሊሆነው ነው። ነፍሱን ይማረው፣ ደግ ሰው ነበር። በአገራችን ደንብ ባል የሞተባት ሴት መሬቷን ለወንድ ትሰጣለች፤ እሱ ያርሳል፣ ምርቱን እኩል ይካፈላሉ። አምለሰትም ለዋርሳዋ፣ ለባሏ ታናሽ ወንድም ለገነነ ሰጠች። ገነነ ምን አደረገ መሰላችሁ? ድንቹን ትቶ በቆሎ ዘራበት። «ምነው፣ እኔን ሳትጠይቅ?» ብትለው «የማውቀው እኔ ነኝ» አላት። ባንተአምላክ በሕይወት ሳለ «እትዬ፣ እንዴት አደሩ» ብሎ ጎንበስ የሚልላት ሰው ከተዝካሩ ማግስት «አንቺ» ማለት ጀመረ። እየቆየ ደግሞ ገበያ ውስጥ «የወንዙ ዳር ማሳዬ» ሲል በጆሯችን ሰማነው። ማሳዬ! እፍረት የሚባል ነገር ጨርሶ ከዚህ አገር ጠፋ ማለት ነው?

አምና አምለሰት መሬቷን ከገነነ እጅ መለሰች። አራሽ ሳትለምን፣ ግንቦትን ሙሉ በዶማ ቆፍራ ድንቹን ተከለች። ሰው ሳቀባት። «ይህች ሴትዮ መሬቱን በማንኪያ ልትጨርሰው ነው» አሏት። እሷ መቆፈሯን ቀጠለች። እኔ ለአረም ሄድሁላት፣ እሷም ለእኔ መጣች። በፍልሰታ ጾም ድንቹ አብቦ ሲታይ የሳቀው ሁሉ በዚያ ሲያልፍ አንገቱን አዙሮ ማለፍ ጀመረ።

ከዚያ ያ ዝናብ መጣ። ከጾሙ ፍቺ ወዲህ ፀሐይ የሚባል አላየንም። አንድ ቀን ጠዋት ማሳው ጋ ብንደርስ ቅጠሉ እሳት የላሰው መስሎ ጠቁሯል። አምለሰት አንዱን ሥር ነቅላ ድንቹን በአውራ ጣቷ አሸት አሸት አደረገችው። ገና ጤነኛ ነበር። «ፈጥኖ ካልወጣ አለቀልኝ» አለች። እውነቷን ነው፤ በሽታው ከቅጠሉ ወደ ታች ከወረደ ድንቹ አፈር ውስጥ እንዳለ ይበሰብሳል፣ ሽታው ወንዝ ማዶ ድረስ ነው የሚሰማው። በዶማ ይውጣ ቢባል መስቀልም ያልፋል። በበሬ ከሆነ ግን ማረሻው መደቡን ይገለብጠዋል፣ ሴቶች ከኋላ እየተከተሉ ይለቅማሉ።

በሬ አላት፤ ግን አንድ ነው፣ ቦራ የሚባል። ገነነም ያለው አንድ ነው፣ ዳልቻ። አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሰዎች ሁሉ እንደሚያደርጉት ሁለቱ ቤቶች መቀናጆ ናቸው። በሬዎቹ አንድ ቀን ለእሱ ይጠመዳሉ፣ አንድ ቀን ለእሷ። ውሉን ባንተአምላክና ገነነ ናቸው በሽማግሌ ፊት የገቡት፣ እስከ ዛሬም አልፈረሰም። ሰኞ የአምለሰት ቀን ነበር። በሬ አለ፣ ቀን አለ፤ የጠፋው እርፍ የሚጨብጥ ወንድ ነው።

እሁድ ከቅዳሴ ስንወጣ ገነነን ደጀ ሰላሙ ላይ ያዘችው። እኔ አጠገቧ ነበርሁ።

«ገነነ፣ ድንቼ ሊበላሽብኝ ነው። ነገ አውጣልኝ» አለችው።

«ማውጣቱስ አይገደኝም» አለ ጋቢውን እያስተካከለ። «ግን ማሳው ከመስከረም ጀምሮ እንደ ቀድሞው በእኩል ይመለስልኝ። ይኸው ሽማግሌዎቹም አሉ፣ እዚሁ እሺ በይ።»

«ለአንድ ቀን እርሻ መሬቴን?»

«ሴት ብቻዋን መሬት አትችልም። ለአንቺው ብዬ ነው።»

«ለእኔ ብለህስ አይደለም» አለችው።

ሰው መሰብሰቡን ሲያይ ገነነ ደግ መምሰል አማረው። ድምፁን ከፍ አደረገና «ሰዎች ስሙኝ! እኔ ቀኗን አልከለከልሁም። ነገ ቀኗ ነው፣ ዳልቻ በረት አለ፣ መጥታ ትውሰደው። እስከ ማታ የሷ ነው። አራሽ ግን ትፈልግ!» አለ። አያ ባዬ፣ የመንደራችን ሽማግሌ፣ «መልካም፣ ጨዋ ንግግር ነው» ብለው አጸደቁለት።

አራሽ ትፈልግ ያለው እንደማታገኝ አውቆ ነው። ያን ቀን ከሰዓት ቤት ለቤት ዞረ፣ ላልደረሰበት በሞባይል ደወለ። «የወንድሜ ቤት ጉዳይ ነው፣ በመካከላችን ማንም አይግባ» አለ። ለኔውም ባል ለይታገሱ ተደውሎለት ኖሯል።

«ነገ ለአምለሰት ትጠምድላታለህ አይደል?» ብዬ ብጠይቀው ጣራ ጣራ ያይ ጀመር።

«በዘመድ መካከል ምን ጥልቅ አደረገኝ?»

«ዘመድ ትላለህ እንዴ? ድንቹ እየበሰበሰ ነው እኮ!»

«ኧረ ተይኝ አንቺ ሴትዮ።»

ተውሁት። እራቱንም ተውሁለት፣ የቀዘቀዘውን ወጥ ራሱ ፈልጎ በላ።

ሰኞ ጠዋት ወፍ ሳይንጫጫ ነው ደጃፏ የደረስሁት። አምለሰት ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠፍንጋ፣ ሞፈሩንና ቀንበሩን ተሸክማ ስትወጣ አገኘኋት። ልጇ ውዳሴ ቦራን እየነዳች ከኋላ ትከተላለች። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ፤ ራሷ ልታርስ ነው። በጓሮ በኩል ማንም የማያያት አቋራጭ አለ፤ እሷ ግን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መንገድ፣ ሰው ወደሚበዛበት ታጠፈች።

«ኧረ በጓሮ እንሂድ፣ በሞቴ!» አልኋት።

«ለምን? ምን ሰረቅሁ?»

ገነነ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀን። ሞፈሩን ትከሻዋ ላይ ሲያይ ሳቀ። «አራሽሽ ማን ነው?» አላት። በረቱ ገብታ ዳልቻን ራሷ ፈትታ አወጣችው። ሌላ ሰፈር ሄዳ ወንድ ለምና ማሳው ላይ አስቀምጣለች ብሎ ሳይገምት አልቀረም፤ ተመልሶ ቤቱ ገባ።

ወሬ እግር አለው። በሬዎቹ ተጠምደው ሳያልቁ ከማሳው በላይ ያለው ጉብታ በወንድ ተሞላ። ጅራፍ ይዘው ለእርሻ የወጡትም፣ ወደ ገበያ የሚሄዱትም ቆሙ። የኔው ይታገሱም መሐላቸው ነበር፣ እግሩን እግሩን እያየ።

«አምለሰት፣ ምን ልታደርጊ ነው?» አሉ አያ ባዬ።

«ድንቼን ላወጣ ነው፣ አያ።»

«እርፍ ልትጨብጪ?»

«ሌላ የሚጨብጥልኝ ካለ ይውረድ። በሬው ተጠምዷል።»

አንድም አልወረደም። ይልቁንስ አንዱ ከኋላ ሆኖ «ሴት እርፍ ከጨበጠችማ ዝናብ ይጠፋል!» ብሎ ጮኸ።

አምለሰት ቀና ብላ ሰማዩን አየች። የዝናቡ ውሃ ከግንባሯ ላይ ይንጠፈጠፋል። «እሰይ! አፍህ ይባረክ!» አለችው። «ምነው ዛሬውኑ በጠፋልኝ! ድንቼን የጨረሰብኝ ምን ሆነና?»

ይህን ጊዜ የሳቀባት ሁሉ ሳቀላት፣ አያ ባዬም በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፈኑ።

ሳቁ ግን አልቆየላትም። የመጀመሪያው ትልም ውርደት ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ። ማረሻው አልገባ ብሎ ላይ ላዩን ተንሸራተተ። ስትጫነው ደግሞ ድንቹን ለሁለት ለሁለት ከፈለው። ዳልቻ የሴት ድምፅ በእርሻ ላይ ሰምቶ አያውቅምና ቀጥ ብሎ ቆመ። ጅራፉን ብታወናጭፍ ቦራ ደንግጦ ወደ ጎን ዘለለ፣ አምለሰት በደረቷ ጭቃው ላይ ተነጠፈች። ጉብታው በሳቅ አስተጋባ።

«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ!» አለ አንዱ።

ደሜ ፈላ። «በወንድ የሚያልቅ ከሆነ ኑና ጨርሱታ!» ብዬ ጮህሁ። «ምን አስቆማችሁ? እግራችሁን ማን አሰረው?» ባሌንም ጭምር ነበር የተናገርሁት።

አምለሰት ተነሣች። ፊቷን በክንዷ ጠራረገችና ጅራፉን ወዲያ ጣለችው። ውዳሴን ከፊት አቆመቻት፣ ወይፈን ሲገራ እንደሚደረገው የበሬዎቹን ገመድ ይዛ እንድትመራ። እሷ እርፉን በሁለት እጇ ያዘች፣ ክብደቷን ጣለችበት፣ በረት ውስጥ ለቦራ ሣር ስትሰጥ በምትናገረው ድምፅ «በሉ ልጆቼ፣ በሉ» አለቻቸው። ዳልቻ ጆሮውን አነሣ። አንድ እርምጃ ሄደ፣ ሌላ ጨመረ። ማረሻው ጥልቅ አለ፣ መደቡ ተገለበጠ፣ ድንቹም ከጥቁሩ አፈር ውስጥ እየተንከባለለ ወጣ። እንቁላል የሚያህለው አለ፣ ጡጫ የሚያህለው አለ። ጤነኛ! አንስቼ አገላብጬ አየሁት፣ አንዲት ነጥብ የለበትም። አላስቻለኝም፣ እልልታዬን አቀለጥሁት።

ትልሙ ጠማማ ነበር። ወንዶቹ ስለ ጠማማነቱ ብዙ ተናገሩ። አምለሰት ከታች ሆና «ድንቹ ስለ ትልሙ አልጠየቀኝም» አለቻቸውና ቀጠለች። እኔ እለቅማለሁ፣ ቅርጫት ሞልቼ ጆንያ ውስጥ እገለብጣለሁ፣ የተከፈለውን ለዛሬ ድስት ለብቻ አኖራለሁ። ሁለት ሦስት የሰፈራችን ሴቶችም ከመንገድ ወርደው አብረውኝ ጎነበሱ።

እኩለ ቀን ላይ ገነነ መጣ። ወሬው ደርሶት ሮጦ ነው የመጣው። ጉብታውን ዘሎ ወረደና ቀንበሩን ጨበጠ።

«በሬዬን ልትገድይው ነው! ፍቺ!»

አምለሰት እርፉን አልለቀቀችም። «ቀኔ ነው።»

«ቀኑ የወንድ ነው! አራሽ ፈልጊ አልሁ እንጂ አንቺ እረሺ አልሁ?»

«እስከ ማታ የሷ ነው ብለሃል። ፈለግሁ፣ አገኘሁ፣ እኔው ነኝ።»

ገነነ የዳልቻን ገመድ መፍታት ጀመረ። በሬው ከሄደ ቀኑ ሄደ፣ ድንቹም ሄደ፤ በማግስቱ ዞራ ማሳውን ልትሰጠው ነው። አምለሰት እርፉን ትታ መጣችና እጇን በእጁ ላይ ጫነች፣ አልገፋችውም፣ አልጮኸችም። እሱ ይፈታል፣ እሷ ትይዛለች።

አያ ባዬ ይህን ጊዜ ተነሡ። ስለ አምለሰት አዝነው እንዳይመስላችሁ፤ ጠዋት ከሳቁት አንዱ ናቸው። ግን የመቀናጆ ቀን ቀልድ አይደለም። ዛሬ የአንዷ ቀን እኩለ ቀን ላይ ከተነጠቀ ነገ የማንም ቀን ይነጠቃል፣ አንድ አንድ በሬ ያለው ሁሉ መሬቱ ጦም ያድራል። ጉብታው ላይ የቆመው ወንድ አብዛኛው ባለ አንድ በሬ ነው። ሳቁ ጠፍቶ ሁሉም ገነነን ያይ ነበር።

«ገነነ፣ ልጄ» አሉ አያ ባዬ፣ «እስከ ማታ ስትል እኔ ነኝ የሰማሁህ። እጅህን አንሣ።»

«አያ፣ እርስዎም?»

«ማንም ይረስበት፣ ቀኑ የሷ ነው። አንሣ ብዬሃለሁ።»

አነሣ። ዳልቻን ትቶ መሄድም አልሆነለት፣ ጉብታው ላይ ተቀምጦ ጋቢው ውሃ እስኪጠጣ ድረስ ጠበቀ። አምለሰት ወደሱ ዞር ብላም አላየች። ከሰዓቱ ትልም ከጠዋቱ ቀና አለ። መዳፏ ተልጦ እርፉ በደም ሲቀላ ነጠላዋን ቀድዳ ጠቀለለችበት። የኔው ይታገሱ እርፍ አልጨበጠም፣ ግን ወርዶ ጆንያ ተሸከመ። ከነጭራሹ ከመቅረቱ ይሻላል ብዬ ዝም አልሁት፣ ይቅር ግን ገና አላልሁትም።

ሊመሽ ሲል ከማሳው ትንሽ ጥግ ብቻ ቀረ። አምለሰት በሬዎቹን ፈታች። ዳልቻን ወንዝ አውርዳ እግሩን አጠበችለት፣ አንገቱን ዳበሰችለት፣ ገመዱን ይዛ ገነነ ፊት አቆመችው። ሰው ሁሉ ገና አልሄደም ነበር።

«በሬህ ይኸው። አንገቱን እይ፣ ጭረት የለበትም» አለችው። «ነገ ያንተ ቀን ነው፣ ቦራን በጠዋት መጥተህ ውሰድ። ረቡዕ የኔ ነው፣ የቀረውን አወጣለሁ። ከዚያ ሽንኩርት እተክልበታለሁ።»

ገነነ ገመዱን ተቀበለ። እንደ ቀትሩ አልጮኸም፣ ድምፁ ተሰብሮ ነበር። «አላፈርሽም?» አላት። «ሰው ሁሉ እያየሽ? የሙት ቤት በወግ በማዕረግ ይያዛል እንጂ እንዲህ ይደረጋል? ወንድሜ ይህን ቢያይ ምን ይል ነበር?»

ትሰድበዋለች ብዬ ጠበቅሁ። አልሰደበችውም። እስከ አንገቷ ጭቃ ለብሳ፣ የተጠቀለለ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆማ አየችው።

«የሞተው ወንድምህ ነው፣ ገነነ» አለችው። «እኔ አለሁ።»