በምትክ የሄድኩባቸው ለቅሶዎች

ለቅሶ ቤት ሽንኩርት የሚልጥ ሰው ማንም አይጠረጥረውም። ዓይኑ ቢቀላ ከሽንኩርቱ ነው፣ ባይቀላም ሥራ ላይ ነው ይባላል። እኔ ሁለት ዓመት ያህል ከዚያ ሽንኩርት ጀርባ ተደብቄ ኖሬያለሁ። ሟቹን አብዛኛውን ጊዜ አላውቀውም ነበር። የሄድኩትም በራሴ ስም አልነበረም።

ከሚሴ የምንኖርበት ሰፈር ቅሬ አለው። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ወሎ ውስጥ ቅሬ እንለዋለን። ሰው ሲሞት ወንዶቹ ቀብር ቆፍረው ጀናዛውን ይሸኛሉ። ሴቶቹ ሦስት ቀን ውሃና እንጨት ተሸክመው ይመጣሉ፣ ያበስላሉ፣ ያጥባሉ፣ ከሐዘንተኛዋ ጋር ቁጭ ይላሉ። ከሰዓት በኋላ፣ የአስር ሶላት ሳይደርስ፣ የሴቶቹ ዳኛ ደብተሯን አውጥታ ስም ትጠራለች። ዳኛ የምንላት ቅሬውን የምትመራውን ሴት ነው። ሰበብ ሳይነገርለት በተከታታይ ሦስት ጊዜ የቀረ ቤት ይሰረዛል። የተሰረዘ ቤት ሞት ሲመጣበት ደጃፉ ላይ ጀሪካን የሚያስቀምጥለት አያገኝም።

ነገሩ የተጀመረው በአንዲት ጎረቤታችን ነው። ጨርቅ ነጋዴ ናት፤ እሁድ ሰንበቴ ገበያ፣ ሰኞ ባቲ ገበያ ትውላለች። አንድ እሁድ ማለዳ የቅሬው ጠሪ በድምፅ ማጉያ የሰው መሞት እየተናገረ ሲያልፍ፣ ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ጥቅል ጨርቅ እያስጫነች አየችኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ሥራ ይዘሻል?»

«አልያዝኩም፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ዛሬ በእኔ ስም ሂጂልኝ። ከቤት የተላከች ናት ይሉሻል፣ ማንም አይጠይቅሽም።»

ሄድኩ። ማንም አልጠየቀኝም። ስትመለስ የታጠፈ ብር መዳፌ ላይ አድርጋ ጣቶቼን በእጇ ዘጋችልኝ። ያን ጊዜ ትምህርት ካቆምኩ ቆይቼ ነበር፤ ከስምንተኛ አላለፍኩም። እናቴ አውቶቡሶቹ የሚቆሙበት መንገድ ዳር ፓፓያ ትሸጣለች። ብሩን ለእናቴ ሰጠኋት። እሷም ከየት አመጣሽው አላለችኝም። አለመጠየቋን ዛሬም ድረስ አስበዋለሁ። ገብቷት ነበር መሰለኝ።

ቀስ በቀስ ሌሎች ሁለት ሴቶችም ይልኩኝ ጀመር፤ አንዷ ሻይ ቤት ያላት፣ አንዷ እህል የምታስጭን። ሁሉም ሥራ ይበዛባቸዋል። እንደማየው ከሆነ የሚበዛባቸው ግን ለቅሶ ሲኖር ነው። ሠርግ ሲሆን ራሳቸው ነበር የሚመጡት፣ ያውም ሂና ተቀብተው።

ይህን ቤት ውስጥ ሳወራው አያልቅብኝም ነበር። አደባባይ ላይ ድምፄ አይወጣም፤ ከእናቴ ጋር ስሆን ግን ዳኛም ሰባኪም እሆናለሁ። «ሁሉ ነገር ገበያ ሆነ እኮ፣ እማ» እላታለሁ። «ጉልበት ተሸጠ፣ ደህና። መሬት ተሸጠ፣ ደህና። አሁን ደግሞ አብሮ ማልቀስ ይሸጣል? ገንዘብ ያላት በገንዘቧ ትቀራለች፣ የሌላት ደግሞ ለሁለት ቤት ታለቅሳለች።»

እናቴ ጨርሼ እስክናገር ትጠብቅና፣ «ይህን ሁሉ የምትናገሪው በማን ዘይት የተሠራ ወጥ እየበላሽ ነው?» ትለኛለች።

ዘይቱ የጨርቅ ነጋዴዋ ነበር። ዝም ብዬ እጎርሳለሁ።

ያ ዝምታ ጥርጣሬ አስተማረኝ። ጨርቅ ነጋዴዋ በዒድ አረንጓዴ ሒጃብ ስትሰጠኝ ስፌቱን ገልብጬ አየሁ፤ ምን ፈልጋ ነው አልኩ። ዳኛዋ መንገድ ላይ አግኝታኝ «እናትሽ እግሯ እንዴት ሆነላት?» ብትለኝ፣ ማነው እግሯን እንዳመማት የነገራት እያልኩ ቤት ድረስ ሄድኩ። ለቅሶ ቤት የምታለቅስ ሴት ሳይ እንኳ፣ ይቺስ ለራሷ ነው ወይስ ተልካ ነው ብዬ ጫማዋን አያለሁ። የተላክን ሰዎች ጫማ ሁልጊዜ ጭቃ ነው። ውሃ የምንቀዳው እኛ ነና።

ሳህን ማጠቢያው ዘንድ ምላሷ የማያርፍ አንዲት ሴት ነበረች። ባየችኝ ቁጥር ትጀምራለች።

«አከም ቡልተ፣ እንዴት አደርሽ፣ ልጄ! ዛሬ የማን ነሽ? የጨርቋ ነሽ ወይስ የሻይ ቤቷ?»

ሴቶቹ ይስቃሉ። እኔ ሳህኑን እፈትጋለሁ።

«ማሎ፣ እባክሽ፣ ነገ አማቴ ይመጣሉ፤ በእኔ ስም ቁጭ በይልኝ! ቁጣቸውን አንቺ ስሚልኝ፣ ብሩን እኔ እከፍልሻለሁ።»

እሷ ስትስቅ ልቤ ይደነግጣል። ቀልድ አስመስሎ እውነቱን የሚናገር ሰው ያስፈራኛል።

በዚያው ዓመት የዝናቡ ወር ሳያልቅ የእናቴ ጉልበት አበጠ። ቅሬው ላይ ሁለት መቅረት ነበረባት። አንዱን ጊዜ ጤና ጣቢያ ውላ ነው፤ ሁለተኛውን ደግሞ የመጣላት ፓፓያ እንዳይበሰብስባት ስትሸጥ። ሁለቱንም ሰበብ ለዳኛዋ አላስነገረችም። ኋላ እነግራለሁ ስትል ቀረ። ሦስተኛው ለቅሶ እሁድ ቀን ሆነ። የሞቱት አንድ ሽማግሌ ናቸው። ጨርቅ ነጋዴዋ ገና በማለዳው ከሰንበቴ መንገድ ደወለችልኝ። «ሰማሽ አይደል? አደራ» አለችና ዘጋችው።

እናቴ ጉልበቷን በጨርቅ አስራ ተጋድማ ነበር። «መታመሜን ለዳኛዋ ንገሪልኝ፤ እንዳትረሺ» አለችኝ።

አልረሳሁም። ስህተቴ ሌላ ነበር፤ አንድ አፍ ሁለቱንም መናገር ይችላል ብዬ አሰብኩ።

ስም ሲጠራ የጨርቅ ነጋዴዋ ተራ ቀድሞ ደረሰ። «አለን» አልኩ፣ እንደ ልማዴ። ትንሽ ቆይቶ የእናቴ ስም ተጠራ። እጄን አወጣሁ።

«ታማለች።»

ዳኛዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቀለች። «ማነው የሚናገረው?»

«እኔ ነኝ።»

«አንቺ አሁን ለሌላ ቤት አለን አላልሽም?»

«ብያለሁ። ግን ልጇ ነኝ እኮ።»

«ልጇ መሆንሽን እኔ አጣሁት? ለአንድ ቤት አለን ያለ ሰው ለሌላ ቤት አይናገርም። አንድ ሰው ለአስር ቤት አለሁ እንዳይል ብለን ያወጣነው ደንብ ነው። ዛሬ ከየትኛው ቤት ነው የመጣሽው?»

መመለስ ነበረብኝ። ሴቶቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ፤ ምላሰኛዋ እንኳ ያን ጊዜ አልሳቀችም። ዳኛዋ ጠብቃ ጠብቃ በእናቴ ስም ላይ ምልክት አደረገች። «ጁምዓ ከሶላት በኋላ ይታያል» አለች።

ቤት ገብቼ ስነግራት እናቴ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ታዲያ ብሞት እኔን ማን ያነሳኛል?» አለች። ወንድ ልጅ የላትም። አባቴ ሲሞት ያነሳው ያ ቅሬ ነው።

ጨርቅ ነጋዴዋ ከባቲ እንደተመለሰች ስኳር ይዛ ገባች። ቁጭ ብላ የእናቴን ጉልበት ነካካች፤ «አፍያውን ያምጣልሽ፣ ይማርሽ» አለች። ከዚያ ወደኔ ዞረች።

«ቅሬው የቤት ሰው መላክ ይፈቅዳል፤ ቅጥር አይፈቅድም። ስለዚህ ጁምዓ ስትጠየቂ፣ እንደ ልጇ ነኝ፣ ቤቷ ነው የምውለው በይ። ያኔ እኔም አልቀረሁም፣ አንቺም አልዋሸሽም።»

«የእናቴስ መቅረት?»

«እሱን ለእኔ ተይው። የቅሬውን ድንኳን የገዛሁት እኔ፣ ትልልቁን ብረት ድስት የገዛሁት እኔ። አንዲት በሽተኛ ማሩልኝ ብል እምቢ ይሉኛል? ወላሂ አይሉኝም።»

እሷ ከወጣች በኋላ እኔና እናቴ ስኳሩን እያየን ተቀመጥን። ምናልባት ቃሏን ትጠብቅ ይሆናል። ግን ለምን አሁኑኑ ለዳኛዋ አልደወለችም? ስልኳ እኮ እጇ ላይ ነበር። እኔ እንደ ልጇ ነኝ ብዬ ከተናገርኩ በኋላ ብትረሳንስ፣ ለማን ልናገር ነው? ደግሞ እውነቱን ብናገር የሦስቱም ቤት ሥራ ይቀርብኛል። እሱንም አሰብኩ። አላሰብኩም ብል ውሸት ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ቤት ውስጥ የሰደብኩትን ገበያ እንዳላጣው ፈራሁ።

«ምን ልበል፣ እማ?» አልኳት።

«እኔ ምን አውቃለሁ? ተናጋሪዋ አንቺ ነሽ» አለች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ጁምዓ የዳኛዋ ግቢ ውስጥ ተሰበሰብን። እናቴን በባጃጅ አምጥቼ ወንበር ላይ አስቀመጥኳት። ጨርቅ ነጋዴዋ ፊት ለፊት ነበረች። የሰጠችኝን ሒጃብ ለብሼ እንደሆነ አየት አደረገችኝ። አልለበስኩትም። ለምን እንዳልለበስኩት ግን አላውቅም፤ ገና አልወሰንኩም ነበር።

ዳኛዋ አስነሳችኝ። «እሁድ ለጨርቅ ነጋዴዋ ቤት አለን ብለሻል። የቤቷ ሰው ነሽ?»

«ተልኬ ነው» አልኩ።

«አልሰማንሽም።»

«ተልኬ ነው።»

«አንቺ ልጅ፣ ከፍ አድርጊ!» አለች ምላሰኛዋ ከኋላ።

«ይከፈለኛል!» ብዬ ጮህኩ።

ድምፄ ይህን ያህል ይወጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር። አጥሩ ላይ የነበሩ ዶሮዎች ወረዱ። ሴቶቹ ሳቁ፤ እኔ ግን ከጀመርኩ አይቀር ብዬ ቀጠልኩ። የቤቷ ሰው እንዳልሆንኩ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ እንደዚህ ስሄድ እንደኖርኩ፣ እሁድ ግን እናቴ መታመሟን እንድናገር እንደላከችኝ ተናገርኩ። የሌሎቹን ሁለት ሴቶች ስም አልጠራሁም። እነሱ መሬት መሬት ያዩ ነበር።

ዳኛዋ ከጎኗ ካሉት ጋር ተንሾካሾከች። ከዚያ «እንግዲያው የመጣሽው ከእናትሽ ቤት ነው» ብላ የእናቴን ምልክት ሰርዛ ጨርቅ ነጋዴዋ ላይ አደረገችው። እናቴ «አልሐምዱሊላህ» አለች፣ በትንሹ። እኔ ጨርቅ ነጋዴዋ ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ።

ቦርሳዋን ከፈተች። «ቅጣቱ ስንት ነው?»

ተነገራት። ከፈለች። ከዚያ ልክ በዕቃ ዋጋ እንደምትከራከር ሁሉ ረጋ ብላ፣ «እህቶቼ፣ እኔ እሁድና ሰኞ መምጣት አልችልም፤ ብዙዎቻችሁም አትችሉም። ተደብቀን ሰው ከምንልክ፣ መምጣት ያልቻለ ለቅሬው ሳጥን ይክፈል። ቅሬውም በዚያ ገንዘብ ውሃ የሚቀዳና የሚያጥብ ሰው ይቅጠር። ይህ ሐራም ነው?» አለች።

ማንም ሐራም ነው አላለም። አንዲት አሮጊት ብቻ «ከሐዘንተኛ ጋር የሚቀመጠውስ ማነው?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄው የተሰማ አልመሰለኝም። እጅ ተቆጠረና ደንብ ሆነ።

«ሥራውን የምታውቅ ልጅማ አለች» አለች ዳኛዋ። ሁሉም እንደገና ወደኔ ዞሩ።

ጨርቅ ነጋዴዋ ፈገግ ብላ አየችኝ። ከመጀመሪያው አስባበት ይሆን? ለእኔ ለብቻዋ ከምትከፍለው ይህ እንደሚረክስላት ያን ጊዜ አልገባኝም። ልትጠቅመኝ ፈልጋ ይሆን ወይስ ሌላ ነገር፣ እስካሁን አልለየሁም። እሺ አልኩ። ያችን እሺ ለማለት ድምፄ አላስቸገረኝም።

ደንቡ ከወጣ በኋላ የመጀመሪያው ለቅሶ ከመንገዱ ማዶ ሆነ፤ አንዲት ሴት ባሏ ሞተባት። እንደ ልማዴ በማለዳ ደረስኩ። አሁን ማንም የማን ነሽ አይለኝም። ከሰዓት በኋላ ስም ሲጠራ ዳኛዋ ራሷ ትመልሳለች፤ «ከፍላለች፣ ከፍላለች፣ ይቺም ከፍላለች።» እናቴ በምርኩዝ መጥታ ስለነበር ስሟ ሲደርስ «አለሁ» አለች። ምላሰኛዋም አልነበረችም፤ ከፍላለች።

ሳህን ለመሰብሰብ ወደ ውስጥ ገባሁ። ድሮ ለቅሶ ቤት ሰው ሲሞላ ከጫማው ብዛት በሩ ላይ መርገጫ ይጠፋ ነበር። ያን ቀን የምንጣፉ አበባ ሁሉ ይታያል። እናቴና ሁለት አሮጊቶች በአንድ በኩል፣ ሐዘንተኛዋ በሌላ በኩል ተቀምጠዋል። ሐዘንተኛዋ፣ ጎንበስ ብዬ ከፊቷ ሳህን ሳነሳ፣ እጄን ያዘችኝ።

«ተቀመጪ እስቲ።»

«ሳህኑ አለብኝ፣ እትዬ። የሚያጥብ ሌላ ሰው የለም።»

«አውቃለሁ። ትንሽ ተቀመጪ።»

እጄ በሳሙና እንደራሰ ነበር። ቀሚሴ ላይ ጠረግሁና አጠገቧ ተቀመጥኩ። ስለ ባሏ ታወራኝ ጀመር፤ ሻይ ያለ ስኳር እንደማይጠጣ፣ እሷ ስትሰግድ ካላየ ከመኝታው እንደማይነሳ። እየሰማሁ በየመሃሉ በሩን አያለሁ፤ ዳኛዋ ቁጭ ብዬ እንዳታገኘኝ።