ሁለት ጣት ክፍተት

ዓለም ባንክ ሰፈር ባለው ቤታችን አንድም በደንብ የሚገጥም በር አልነበረም። ሁሉንም የበየደው አባቴ ነው፤ ከሁሉም ሥር ሁለት ጣት ክፍተት አለ። በግቢው በር ሥር የጎረቤት ድመት እንደ ቤቷ ትገባለች። ሐምሌ ላይማ የጓዳውን በር ሥር በአሮጌ ጨርቅ ካልወተፍኩት ብርዱ አያስቀምጠኝም። ስነጫነጭበት "ይተንፍስበት፣ ምን ቸገረሽ?" ይለኛል። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ የተንጋደደ ነገር አልወድም። በየክረምቱ ተኮራርፈናል።

ምክንያቱን ግን አውቀዋለሁ። አባቴ በወጣትነቱ በባቡር ጣቢያዎች ብረት ሠራተኛ ነበር። ቆላ ውስጥ ላለች አንዲት ትንሽ ጣቢያ መንገደኛ የሚጠለልበት የቆርቆሮ ታዛ እንዲሠራ ታዘዘ። ከክረምቱ በፊት ሄዶ ለካ፤ ብረቱን ቆርጦና በይዶ ክረምቱ ሲወጣ አቆመው። የታዛው ጠርዝ ከፉርጎዎቹ ጣሪያ ከፍ ብሎ እንዲያልፍ ነበር ሐሳቡ። የመጀመሪያው ባቡር ሲመጣ ግን የፉርጎው ጣሪያ ጠርዙን ገሽልጦት ሄደ። ሰው አልተጎዳም። አለቃው በሠራተኛው ሁሉ ፊት "አንተ ሜትር ማንበብ አትችልም" አለው። ከዚያ ወዲህ የሠራው ነገር ሁሉ ክፍተት አለው።

ባለፈው ዓመት በባትሪ የሚሄድ ባቡር ከመርካቶ ይዞ መጣ።

"ለልጅሽ ነው" አለኝ።

ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ሐዲዱን በምግብ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው። ከዱቄት ወተት ጣሳ ታዛ ቆርጦ፣ ያውም እዚያው ጠረጴዛዬ ላይ በኮላ አጣበቀው። በማስመሪያ ሦስት ጊዜ ለክቶ ነው። ባቡሩ ሳይነካው አለፈ፤ ዞሮ መጥቶም አለፈ። አባቴ እንደዚያ ሲደሰት አይቼ አላውቅም። ዕድሜ ልኩን ማወቅ የፈለገው መለካት መቻሉን እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

ግን ኳኳታው! ቅዳሜ ከሰዓት የፈተና ወረቀት እያረምኩ ጆሮዬን በጠሰው። ለዐስር ሶላት ወደ መስጊድ ሲወጣ ጠብቄ የብርድ ልብስ ቁራጭ ከሐዲዱ ሥር አነጠፍኩበት። ተመለሰና አስነሳው። ባቡሩ ታዛውን ገጨው፤ ተገልብጦም ወደቀ።

አባቴ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። "ሰውየው እውነቱን ነበር" አለ። "መለካት አልችልም።"

"አባዬ፣ እኔ ነኝ! እንዳይጮህ ብዬ ከሥሩ ብርድ ልብስ አንጥፌበት ነው።"

ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ጎንበስ ብሎ ብርድ ልብሱን ዳሰሰው። ውፍረቱን በጣቱ ለካው።

"ጠጠር" አለ።

"የምን ጠጠር?"

"ታዛውን ላቆም ስሄድ ሐዲዱ ሥር አዲስ ጠጠር ነበር። የክረምቱ ጎርፍ የበፊቱን ጠርጎት ጨምረውበታል። ሐዲዱን ከፍ አድርገውታል፤ እኔ የለካሁት ደግሞ ከዚያ በፊት ነው። ረግጬው እኮ ነው ያለፍኩት!"

ከዚያ ሳቀ፤ ዓይኑ እንባ እስኪያቀርር ሳቀ። እኔ ግን ተናደድኩ፤ በአለቃውም፣ በየክረምቱ በተነጫነጭኩት በራሴም። ሻይ አፍልቼ አመጣሁለትና ባቡሩን አንድ ላይ አነሳነው። ብርድ ልብሱን ላወጣው ስል "ተዪው" አለኝ፤ ታዛውን ነቅሎ ለከፍታው የሚሆን አዲስ እግር ሠራለት።

በማግስቱ ጠዋት በብየዳ ድምፅ ነቃሁ። የግቢውን በር አውልቆ ከሥሩ ላሜራ እየበየደበት ነበር። መልሶ ሰቀለው፣ ከፈት ዘጋ አድርጎ ሞከረው፤ መሬቱን አይነካም። ድመቷ ውጭ ሆና ትጮኻለች።

"ነይ እስቲ፣ ጣትሽን አስገቢ" አለኝ።

ተንበርክኬ ሞከርኩ። ትንሿ ጣቴ እንኳ አልገባችም።

"እንዲህ ነበር የምሠራው" አለኝ።